አንድ ጣት ያነሰው እጀታ

ጥቅምት 4 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ በየኬላው ሳይበረበር እጅዎ እንዲገባ እመኛለሁ። አባትዎ አባባም እኔም በሕይወት አለን። «ደኅና ነን» ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን ከፍቺው መለየት መስሎ ስለታየኝ ተውኩት።

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ፣ አዎ፣ እውነት ነው የሚል ነው። ሰውዬውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ወሬው እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ዓይኑን አጥፍቼው ከሆነ ግን ተጋኗል፤ ያቃጠልኩት እጁን ብቻ ነው።

ከላይ ሰፈር ሦስት ሰዎች ወደ ቢላዋ ሥራ ቤታችን መጡ። ረጅምና ጫፉ ሹል የሆነ ቢላዋ ፈለጉ። አባባ ሞረዳቸውን ሳያቋርጡ፣ «ምን ልትቆርጡበት ነው?» አሏቸው።

«የታች ሰፈርን» አለ አንደኛው።

«የታች ሰፈርማ እኛ ነን።»

«እሱማ እናውቃለን፤ ለዚህ እኮ ነው ቅርብ ነው ብለን እዚሁ የመጣነው።»

ሳቁ። አባባ አልሳቁም፤ «ሂዱ ከዚህ፣ የውሻ ልጆች» አሏቸው። ጠና ያለው ሰው ማጅራታቸውን ጨምድዶ ፊታቸውን ወደሚሽከረከረው የስለት ድንጋይ ደፋው። ድንጋዩ የጉንጫቸውን ቆዳ ሲልጠው አየሁ። እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ነበር፤ በጉጠት የያዝኩት ብረት ቀልቷል። መጽሐፍ የሚወድ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ያሰላስላል ብለው ይገምቱ ይሆናል፤ አላሰላሰልኩም። ብረቱን በእጁ ጀርባ ላይ አሳረፍኩት፤ አባባን ከለቀቃቸውም በኋላ ትንሽ አቆየሁት። ያቺን ትንሽ ጊዜ ላስተባብላት አልችልም። ሽታው ከሹራቤ አልወጣም።

ስለ ሁለተኛው ነገር፣ ማለትም «ተቀምጠን እናልቅስለትና ይብቃ» ስላሉኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። ወንድምዎ የሠራነውን ቢላዋ ጭኖ ወደ ሩቁ ገበያ ከሄደ ሁለት ዓመት ሞላው። የተሳፈረበት አውቶቡስ ተቃጥሎ የተገኘ ዕለት ሬሳዎቹን አንድ በአንድ እየገለጥኩ ያየሁት እኔ ነኝ፤ በመካከላቸው አልነበረም። ሲሄድ የሰጠሁት ቃል፣ «እስክትመለስ ወይም ሞተህ በዓይኔ እስካይህ ድረስ ከዚህ ቤት አልወጣም» የሚል ነው። ቃሉ ሁለት በር ብቻ አለው። ሦስተኛ በር የምቀድለት በምን ሥልጣን ነው?

የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከተቃጠለ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከአባባ ጋር ቢላዋ እወለውላለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ እንደተለመደው የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ ነው። ያለፈውን ፖስታ ሲቀበለኝ፣ «ሊቋ፣ አሁንም ትጠብቂያለሽ? እኛ እንኳ አውቶቡስ ሲዘገይ ትኬት እንመልሳለን!» ብሎ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀብኝ። ክፋት የለውም፤ ሆዱና ድምፁ ብቻ ናቸው ትልልቅ።

አክባሪዎ፣
ምራትዎ ልሆን የታጨሁ


ጥቅምት 19 ቀን

ሊቋ፣

እንዴት ነሽ? እኔ አለሁ። ማደንዘዣ አልቋል፣ ክር ግን አለ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በጩኸት መሀል ነው፤ ፊደሉ ከተንቀጠቀጠ የኔ እጅ አይደለም፣ ጠረጴዛው ነው።

እሰይ! እጁን ብቻ መሆኑ ቆጨኝ። ነርስ ሆኜ እንዲህ ማለቴ ነውር ነው፤ ይሁና። የአባባን ጉንጭ በጨው ውሃ እጠቢላቸው። ቢቆጡ አትስሚያቸው፤ እሳቸው ሲሞቱም ተቆጥተው ነው የሚሞቱት።

እዚህማ አትጠይቂኝ። ትናንት አንድ ሰው አንጀቱን በሁለት እጁ አቅፎ በእግሩ መጣ። ሸሚዙን ልቀድ መቀስ ሳነሣ፣ «እህቴ፣ በቁልፉ ፍቺው፣ አዲስ ነው» ይለኛል! በቁልፉ ፈታሁለት። ጎህ ሳይቀድ ሞተ፤ ሸሚዙን ወንድሙ ለብሶት ሄደ። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ቀደም ብለሽ የወንድሜን ወሬ ለጠየቅሽኝ መልሱ፦ ጠይቄያለሁ። የምነግርሽ የለም። ቃሌን እንደ መዝገበ ቃላት አገላብጠሽ አትመርምሪብኝ፣ አውቅሻለሁ። የምነግርሽ የለም፣ አለቀ።

ሰው ሬሳ ሳያይም ያለቅሳል። ጥቁርሽን ልበሺ፣ ደረትሽን ምቺ፣ ከዚያ ፊትሽን ታጥበሽ ውጪ። ገና ልጅ ነሽ። ለአንድ ጎረምሳ በሰጠሽው ቃል ላይ ዕድሜሽን ማንጠልጠልን እኔ እህቱ ሆኜ ካልተቀበልኩት፣ አንቺ ለምን ትቀበያለሽ? ልብሽን አጽኚ።

ያ ባለ ሆድ ትኬት ቆራጭሽ ፖስታውን ሲያቀብለኝ፣ «የሚቀጥለው መልስ የሰርግ ጥሪ ካልሆነ አላመላልስም» ብሎኛል። እኔም፣ «ድግሱን ግን አንተ ብቻህን ነው የምትጨርሰው» አልኩት።

እትዬሽ


ኅዳር 11 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ እንጨት የሚጭን መኪና ሹፌር ነው። ትኬት ቆራጩ ተገድሏል።

ከመንገዱ ጥምዝ ላይ የታጠቁ ሰዎች አውቶቡሱን አስቆሙት። እርሱ በር ላይ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «ወንበር ሞልቷል፣ ቆሞ የሚሄድ አንጭንም» አላቸው አሉ። ቀልዱን እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ከጎኑ ወጉት፤ ቢላዋው አጥንት ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ስላላቸው፣ በእግራቸው ረግጠው ቢስቡም እምቢ ስላለ፣ እዚያው ትተውት ሄዱ። በሴቶቹ ላይ የሆነውን አልዘረዝርም፤ እርስዎ በሥራዎ የሚያዩትን እኔ በቃል ባበዛው ትርፍ የለውም።

በማግስቱ ሚስቱ መጣች። ጸጉር ሠሪ ናት፤ ያውቋታል ብዬ እገምታለሁ። ሬሳው ሲገነዝ የተነቀለውን ቢላዋ በባሏ የደንብ ልብስ እጅጌ ጠቅልላ አምጥታ የአባባ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ለፖሊሱ መርማሪ ከመስጠቴ በፊት ነው» አለች። «አባባ፣ ቢላዋ እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም ይባላል። ይኼ የማን ሥራ ነው?»

አባባ አንሥተው ጨበጡት። ከዚያ ቢላዋውን ቀስ አድርገው መለሱና፣ «አላውቀውም» አሉ። ወደ ጓሮው ምድጃ ሄዱ፤ ቀዝቃዛ ብረት ሲቀጠቅጡ ይሰማ ነበር።

እኔም ጨበጥኩት። እትዬ፣ የቤታችሁን አሠራር ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ነገር ግን የማስበው በሥርዓት ሲጻፍ ስለሆነ ይፍቀዱልኝ። የአባባ ትንሿ ጣት በወጣትነታቸው በመዶሻ ተጨፍልቃ ተቆርጣለች። በዚህ ሥራ ቤት እጀታ የሚለካው በጌታው መዳፍ ነው፤ ስለዚህ እጀታዎቻችን ሁሉ በአንድ ጣት ያጥራሉ። ደንበኞች፣ «ትንሿ ጣቴ ሜዳ ላይ ቀረች» እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ አባባ፣ «ለምን አትቆርጣትም?» ይሏቸዋል። ወንድምዎ ጣቶቹ ሙሉ ሆነው ሳለ ከአባቱ የተማረውን ስሕተት እንደ ሕግ ይዞታል። ከእነርሱ ሌላ እንዲህ የሚሠራ የለም።

ያ ቢላዋ አንድ ጣት ያንሰዋል። እጀታው ደግሞ እንጨት አይደለም፤ ከተቃጠለ መኪና መሪ ላይ የተቆረጠ ነው። ወንድምዎ ይዞት የሄደውን ሁሉ የወለወልኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም የእንጨት እጀታ ነበራቸው። ስለዚህ ይህ የተሠራው ከሄደ በኋላ ነው።

እትዬ፣ ደስ አለኝ። ይህን ከእርስዎ ብሸሽግ ሌላው የጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ባሏን የገደለውን ቢላዋ በእጄ ይዤ፣ መበለቲቱ ፊቴን እያየች፣ «አለ! በሕይወት አለ!» እያልኩ በልቤ ጮህኩ። ከዚያ አውራ ጣቴ ከእጀታው ሥር፣ ማንም የማያየው ውስጠኛው ጎን ላይ አረፈ። ልስልስ ነበር። ተገዶ የሚሠራ ሰው እዚያ ጋ ሞረድ አያደክምም። የወደደውን ሥራ ሲሠራ ብቻ ነው እዚያ ድረስ የሚደርሰው።

ለሴትዮዋ በዚያች ሰዓት ምንም አልነገርኳትም። መርማሪው ሲመጣ ግን የማውቀውን እናገራለሁ። እርስዎ ሳይሰሙት ማድረግ ስላልፈለግሁ ጻፍኩልዎ።

አክባሪዎ


ኅዳር 20 ቀን

ልጄ፣

ተይ። እግርሽ ላይ ወድቄ ነው የምልሽ፣ ተይ።

ሊቋም አልልሽም ዛሬ። ስለ ሟቹ አልቅሻለሁ፤ ወንበር አቅርቤለት እዚህ ሻይ እየጠጣ ስንቴ አስቆኛል። ግን የሞተ ሞተ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከተናገርሽ መልሰሽ አትውጪውም። መርማሪው ቢላዋ አያውቅ፣ አባባ አላውቅም ብለዋል፤ አንቺን ማን ጠየቀሽ? የእጀታ ልስላሴ ነው እንዴ ሰው የሚያሰቅለው?

ምን እንዳደረጉት በምን ታውቂያለሽ? ጠመንጃ ደግነውበት ይሆናል። በሰንሰለት አስረውት ይሆናል። «አልሠራም» ቢል እዚያው ይደፉታል። ያመልጣል እንዳትይኝ፤ በዚያ በሚያነክስ እግሩ ስንት እርምጃ ሊሮጥ? አባቴ አርጅተዋል። ልጃቸው ነፍሰ ገዳይ ተብሎ በሰፈር ሲነገር አንድ ሳምንት አይቆዩም፤ ሬሳቸው ባንቺ ራስ ነው።

ትወጂው ከሆነ ዝም በይ። መጠበቅ ማለት ይኼም ነው እኮ።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ስለ ጽሕፈቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በግራ እጄ ነው። ቀኝ ክንዴ ከክርኔ በታች ተሰብሯል። «አባባ ጉጠት ወረወሩ» ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ሰረዝኩት፤ አልወረወሩም፣ ይዘው መቱኝ። ለመርማሪው ልናገር መወሰኔን ሳልሸሽግ ነግሬያቸው ነበር። መጀመሪያ ትከሻዬን፣ ከዚያ ፊቴን ልከላከል ያነሣሁትን ክንዴን መቱኝ። አጥንቱ ሲሰበር ሁለታችንም ሰማነው።

«ጩኺ እንጂ!» አሉኝ። «ለምን አትጮኺም? ጩኺ!»

ከዚያ ለእጀታ ካዘጋጁት እንጨት ሁለት ቁራጭ መርጠው አጥንቱን ራሳቸው አሰሩልኝ። ጥሩ አሰሩት። «እሱም እንዲህ ነበር» አሉኝ በመጨረሻ፤ «ስመታው አይጮኽም ነበር። ምናለ አንዴ እንኳ ቢጮኽ።» አሁን ምግቤን ቆርሰው ያጎርሱኛል፤ ቀኝ እጄ አይሠራምና።

የጸጉር ሠሪዋም ነገር አለ። የክንዴን መሰበር ሰምታ መጣች፤ ጸጉሬን ልታበጥርልኝ። ስታበጥረኝ፣ «አንቺስ ጠባቂ ነሽ» አለች፣ «ሥራ አለሽ። እኔ ከእንግዲህ ምን ልሁን?» ማበጠሪያዋ ሲጎትተኝ አንገቴን አቀናሁላት።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። እትዬ፣ ወንድምዎ ሲሄድ አያነክስም ነበር። ሸክሙን ይዞ ወደ አውቶቡሱ ሲሮጥ ከኋላው የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ አልደረስኩበትም። እግሩ የተጎዳው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ያየው ሰው ብቻ ነው።

«የምነግርሽ የለም» ብለው ሲጽፉልኝ፣ ቃልዎን እንዳልመረምር ለምነውኝ ነበር። ስለማከብርዎ አልመረመርኩትም። ዛሬ ግን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ፦ መቼ አዩት? ምን አለዎት? መርማሪው በመንገዱ መዘጋት ዘግይቷል፤ ሳይመጣ በፊት መልስዎ እንዲደርሰኝ እሻለሁ። መልስዎ ውሳኔዬን አይለውጠውም። ግን የምጠብቀው ማንን እንደሆነ ማወቅ ይገባኛል።

አክባሪዎ


ታኅሣሥ 12 ቀን

አዎ፣ አይቼዋለሁ። ምን ይሁን?

ባለፈው ዓመት ክረምት ሲወጣ ሁለት ሰዎች በጀርባ በር ተሸክመው አስገቡልኝ። ታፋው ውስጥ ጥይት ነበረ። አንዱ ሽጉጡን ጆሮዬ ላይ አስደግፎ፣ «ከሞተ ትሞቻለሽ» አለኝ። «ወንድሜ እኮ ነው፣ ደደብ» አልኩት። በባዶ እጄ፣ ያለ ማደንዘዣ አወጣሁለት። አፉ ውስጥ የደም ሥር ማሰሪያ ላስቲክ አስነክሼው። እውነታቸውን ነው አባባ፣ አይጮኽም።

ከኔ ዘንድ ሰነበተ። አበላሁት። አጠብኩት። የማውቀው ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ ስለ ልጅነታችን እጠይቀው ነበር፣ ሁሉንም አስታውሶ ይመልሳል፤ ይኼ ነው የባሰው! ከአውቶቡሱ አውርደው ሲወስዱት መጀመሪያ ገርፈው አሠርተውታል፣ ጀርባውን አይቻለሁ፣ ቆዳ የለውም። «አሁንስ ይገርፉሃል?» አልኩት። «አሁን ሥራዬን ይወዱታል» አለኝ። እንዲህ ብሎ አፈረ። ማፈሩን አይቻለሁ፤ እሱን ጻፊልኝ ለመርማሪሽ!

ስለ አንቺ ጠየቀኝ። «ትጠብቅሃለች» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ሞቷል በያት» አለኝ። ልጽፍልሽ ስንቴ ቁጭ አልኩ፤ «ሞቷል» የሚለውን ቃል ብዕሬ እምቢ አለኝ፤ ሕይወቱን በእጄ ያተረፍኩት እኔ። ለዚህ ነው ጥቁር ልበሺ፣ አልቅሺ እያልኩ ስጨቀጭቅሽ የከረምኩት። ሲድንም በመጣበት በር ሄደ። ድብደባ የለ፣ ሰንሰለት የለ፤ ራሱ ሄደ። ይኸው፣ ማወቅ ይገባኛል ብለሻል፣ እወቂ።

አሁን የኔን ስሚ። ከተናገርሽ ምራቴ አይደለሽም፣ እህቴ አይደለሽም፣ መንገድ ላይ ብትወድቂ አላነሣሽም።


ታኅሣሥ 27 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

«እህቴ አይደለሽም» ካሉኝ በኋላም በዚሁ አጠራር መጥራቴን አይንፈጉኝ፤ ሌላ አጠራር የለኝም።

ተናግሬያለሁ። መርማሪው ሥራ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ቢላዋውን አኖረው፤ እኔ ከመደርደሪያው ሌሎች አውርጄ ጎን ለጎን አስጨበጥኩት። ወዲያው ገባው። የወንድምዎን ጀርባ ነገርኩት፤ ማፈሩንም ነገርኩት፤ እርስዎ በቁጣ ያሉትን እኔ በቁም ነገር ወስጄዋለሁ። «ማን አየው? የት?» ሲለኝ፣ «አውቃለሁ፣ ግን ሳላስፈቅዳት ስሟን አልሰጥም» አልኩት። አልዋሸሁም። እምቢ ማለቴን ጻፈ፤ ለዚህ ልከሰስ እንደምችልም አስታወቀኝ።

ነገሩ ሳይመሽ ተሰማ። ድንጋይ መጣ። መስኮቱ፣ በሩ፣ ጣሪያው። «የገዳይ ቤት!» የሚሉት ትናንት ቢላዋቸውን የሳልንላቸው ናቸው። አባባ መዶሻቸውን ይዘው ወጡና በሩ ላይ ቆሙ፤ አንድ ድንጋይ ግንባራቸውን ፈነከተው፤ አልገቡም። ደሙ ዓይናቸውን ሞልቶት፣ «እኔ ነኝ ያስተማርኩት! እኔን ምቱ!» ይሉ ነበር። መቷቸው። ተኝተዋል፤ ይናገራሉ፣ ይቆጣሉም፤ ስለዚህ አይሥጉ።

ሕዝቡን የበተነችው ጸጉር ሠሪዋ ናት። በመካከላቸው አልፋ ገባች። መጀመሪያ እኔን በጥፊ መታችኝ፣ በሁለቱም ጉንጬ፤ ቢላዋውን ባየሁባት ቀን ባለመንገሬ ነው። ተገቢ ነበር። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ፣ «ሟች የኔ ነው፣ ለማን ነው የምትወረውሩት?» ብላ ጮኸች። አፍረው ይሁን ደክመው፣ ሄዱ።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ወደ እርስዎ ቢመጣ፣ እንደሚመጣም እገምታለሁ፤ የቆሰለ ሰው ሌላ የሚሄድበት የለውም፤ የሚከተለውን ያንብቡለት።

«እጠብቅሃለሁ። ቃሌ ያረጀ እንዳይመስልህ። በአንተ ላይ የመሰከርኩት እኔ ነኝ፤ ከሌላ እንዳትሰማው። ብትመጣ በቀን ና፣ በፊት ለፊቱ በር ና። አባትህ ካልጋቸው መነሣት አይችሉም፤ አንተ ነህ የምትጎነበሰው። ከዚያ ወደ መርማሪው አብሬህ እሄዳለሁ፤ ፍርድ ቤት ቆሜ ያልኩትን ፊትህ ላይ እደግመዋለሁ፤ የፈረዱብህን ያህል ዘመን ስንቅ አመላልሳለሁ። ከዚያ ያነሰ ፍቅር የለኝም፤ ከዚያ የበለጠም ልዋሽህ አልችልም። ባትመጣም ከዚህ ቤት አልወጣም። ነገር ግን ሞቷል በያት ማለትህን አልቀበልህም። እንዲህ ያለውን ነገር በሰው አይልኩም።»

አክባሪዎ


የካቲት 9 ቀን

ሊቋ፣

አባባ እንዴት ናቸው? ክንድሽስ? እንጨቱን ፈታችሁት?

አላነሣሽም ብዬሽ ነበር። ተቆጥቼ ነው። ይኸው ጻፍኩልሽ።

መጣ። ሰው ተሸክሞት አይደለም፤ ብቻውን፣ በቀን። ያልሽውን አነበብኩለት። አንዴ ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ፣ «ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት። «ስንቅ አመላልሳለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ጮኸ። ሰምተሽ የማታውቂው ዓይነት ነው፤ እንደ እንስሳ። በሽተኞቼ አልጋቸው ላይ ተነሥተው ተቀመጡ። አፉን አልያዝኩትም። ይጩኽ ብዬ ተውኩት።

ሌሊቱን አልተኛም። ዛሬ ጠዋት ጢሙን ተላጨ፣ የሞተ ሰው ሸሚዝ ሰጠሁት፣ ለበሰ። «ወዴት ነህ?» አላልኩትም። እስከ ሐኪም ቤቱ አጥር ድረስ ሸኘሁት። ከአጥሩ እልፍ ሲል መንገዱ ሁለት ቦታ እንደሚገነጠል ታውቂያለሽ፤ አንዱ ወደ እናንተ ይወርዳል፣ አንዱ ወደ ጫካው።

ጀርባዬን ሰጠሁት። አውቄ ነው። መርማሪሽ ነገ እኔን ሲጠይቀኝ «በየትኛው መንገድ እንደሄደ አላየሁም» ብል እውነት እንዲሆን ነው፤ ስሜንም ስጪው፣ ፈቅጄልሻለሁ። ኮቴውን እንኳ እንዳልሰማ ጆሮዬን ያዝኩ። ዞሬ ሳይ ሁለቱም መንገድ ባዶ ነበር።

አንቺ ብትሆኚ ታዪ ነበር።

ይኼ ደብዳቤ በመኪና ነው የሚመጣው፤ እሱ በእግሩ ነው። ስለዚህ ወደ እናንተ ወርዶ ከሆነ ገና አልደረሰም። በሩን ጠግናችሁት ከሆነ ክፈቺው። ጥቁር ልበሺ ያልኩሽን ተይው።

ጠብቂ።

እትዬሽ